ማክሰኞ ማታ፣ ምድር ቤት

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠን ነው። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። «ይሄ እንኳ ይቅር» ካላቸው ነገሮች አንዳንዶቹን ትታለታለች፣ አንዳንዶቹን ግን ጽፋዋለች። «እኛ» ስንል ሁለታችንም የተስማማንበት ነው። «እሱ» እና «እሷ» ስንልም ስለ ራሳችን ነው የምናወራው። ስማችንን አንጽፍም፤ ለምን እንደማንጽፍ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

የሚጠጣው እሱ ነበር። የምትሸፍነው እሷ ነበረች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ መንገድ ተሻግሮ። አበሻ የሚበዛበት አካባቢ ስለሆነ ሱቅ ሲገባም ባቡር ሲጠበቅም የሚያውቁት ሰው አይጠፋም። እሱ መሐል ዲሲ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ በሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ያደገው ጠላ በማይጠመቅበት፣ ለበዓል እንኳ ብርዝና ለስላሳ በሚቀርብበት የአማኝ ቤት ነው። የመጀመሪያዋን ቢራ የቀመሰው አሜሪካ ከመጣ በኋላ፣ በ34 ዓመቱ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ቮድካ በውኃ ፕላስቲክ ገልብጦ ይዞ መውጣት ጀመረ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሱፉን ለብሶ፣ ማስቲካ እያኘከ፣ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሞ ሰው ያስተናግዳል።

«ጴንጤ አይጠጣም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የማያምኑ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። መልካም ስም ነው፤ አናፍርበትም። ችግሩ፣ ጴንጤ ካልጠጣ የሚጠጣ ጴንጤ የለም ማለት ነው። የሌለ ሰው ደግሞ እርዳታ አይጠይቅም።

እሱ የጸሎት ጥሪ ሲደረግ ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ወጥቷል። ወንድሞች እጃቸውን ጭነው «ስለ ምን እንጸልይልህ?» ሲሉት ሦስቱንም ጊዜ «ስለ ሥራዬ» ብሎ መለሰ። እነርሱም ስለ ሥራው ከልባቸው ጸለዩ። ጌታም ሥራውን ባረከው፤ የፈረቃ ኃላፊ ሆነ፣ ደመወዙ ጨመረ፣ በጨመረውም ጠጣበት። ስለዚህ «ጸሎት አልሠራም» የሚል ምስክርነት ከእኛ አትጠብቁ። ስለ መጠጡ አንድም ቀን አልተጸለየም፤ ምክንያቱም ማንም አያውቅም ነበር።

እሷ በበኩሏ ሥራ በዝቶባት ነበር። ለአለቃው «ጉንፋን ይዞታል» ትላለች። ለቤት ኅብረቱ «ፈረቃው ተቀይሮበት ነው» ትላለች። ለልጆቹ «አባባ ደክሞታል» ትላለች። ባዶውን ጠርሙስ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ የምትጥለው የራሳችን ሕንፃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሳይሆን ጎረቤት ሕንፃ ድረስ ሄዳ ነው። ያደግነው የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም እየተባልን ነው። ለዚያም ላይ ጥቅስ ነበራት፤ ፍቅር ብዙ ኃጢአትን እንደሚሸፍን ጴጥሮስ የጻፈውን (1ኛ ጴጥ. 4፥8) ጠርሙስ ለመደበቅ ትጠቀምበት ነበር። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያስቃል፤ ያኔ ግን አላሳቃትም፣ ያጽናናት ነበር።

አዲሱ የፈረንጆች ዓመት ሲገባ ቤተ ክርስቲያናችን የጾምና የጸሎት ሳምንት ታውጃለች። በዚያ ሳምንት እሱ ለማንም ሳይናገር «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ አቆመ። የመጀመሪያው ሌሊት እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አንሶላው በላብ ራሰ። እሷ ደስ አላት፤ ጾሙ እየሠራ መሰላት። በማግሥቱ ማታ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሳለ ወደቀ፤ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። እሷ በአንድ እጇ ራሱን ይዛ በኢየሱስ ስም እየገሠጸች፣ በሌላ እጇ 911 ደወለች። ሁለቱንም በማድረጓ እስከ ዛሬ ጌታን እናመሰግናለን፤ መገሠጹን ብቻ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን አብረን አንጽፍም ነበር።

ሐኪሟ «ባለቤትሽ በቀን ምን ያህል ይጠጣል?» ብላ ጠየቀቻት። «አልፎ አልፎ» አለች። ምላሷ ለምዶ ነው፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም። ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠርታ በዝግታ፣ የምትሰጠው መድኃኒት እሷ በምትነግራት መጠን እንደሚወሰን አስረዳቻት። ያን ጊዜ ነው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ቁጥሩን የተናገረችው። እዚያ ኮሪደር ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስሟን ለማታውቃት ሴት። ፍቅር ያለችው መሸፈን ሊገድለው ምን ያህል እንደ ቀረበ የገባትም ያኔ ነው።

ይህን ለሚያነብ ሁሉ በግልጽ መናገር የምንፈልገው ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን ማቆም የለበትም። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠትና ብርቱ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። መድኃኒት ግን አለው። እኛ ያየነው መንቀጥቀጥ ጋኔን አልነበረም፤ መጠጥ የለመደ አእምሮ መጠጡ ሲቋረጥበት የሚሆነው ነው። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸሎቱ እዚያም ይደርሳል።

ከሆስፒታሉ ሲወጣ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አንድ ወረቀት ሰጠችን፤ በአካባቢያችን ያሉ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ የሚባሉት፣ ስብሰባዎች ዝርዝር ነው። ወረቀቱ አሥር ቀን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ቆየ። ከዚያ እሷ ስብሰባ መፈለጊያ የሆነውን «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል ነፃ መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጫነች። የሰፈራችንን ስንጽፍ ስክሪኑ በቀይ ምልክት ተሞላ። ጧት አለ፣ ምሳ ሰዓት አለ፣ ማታ አለ። ለሴቶች ብቻ የሆነ አለ። «ክፍት» የሚለው ማንም ሰው ገብቶ ሊያዳምጥ የሚችልበት፣ «ዝግ» የሚለው ደግሞ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ከቤታችን በእግር የሚደረስ ሁሉ ነበር። እሱ ግን የመረጠው ፖቶማክን ተሻግሮ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አርባ ደቂቃ የሚያስነዳውን ነው። አበሻ እንዳያየው። አበሻ ቢኖር ያ ሰውዬም እዚያ የተገኘው በተመሳሳይ ምክንያት መሆኑ አልታሰበውም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አልገባም። የአንድ አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የምድር ቤቱን መስኮት ብርሃን እያየ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ሲያልቅ ሰዎች እየሳቁ ወጡ። ተናደደ። «የሚያስቅ ምን አለ?» እያለ ቤት ገባ። በሁለተኛው ማክሰኞ ግን ውጪው ስለበረደ ገባ። እንዲህ ነው ያለን፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠንም።

ውስጡ የሚታጠፉ ወንበሮች፣ የተንጠለጠለ ቧንቧ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የቀቡት የኖኅ መርከብ ሥዕል፣ መራራ ቡና ነበር። በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ስሙን ብቻ ጠየቁት፤ የአባቱን ስም አልጠየቁም፣ መታወቂያ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም። እነዚህ ሰውዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እኛ በአማርኛ «አንቱ» ነው የምንላቸው፤ በእንግሊዝኛ ስለማይታወቅ አይቃወሙም። ስብሰባው ሲጀመር አጭር ነገር ተነበበ፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ሕይወቱን ተናገረ፤ ከዚያ ሌሎች በየተራ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይመልስም። ቅርጫት ዞረ፤ አንድ ሁለት ዶላር የጣለ አለ፣ አዲስ ለመጣ ሰው «አንተ ተወው» ተባለ። በመጨረሻ ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያያዙና «አባታችን ሆይ»ን በእንግሊዝኛ ጸለዩ። ሁሉም ቡድን እንደዚህ አያደርግም፤ ያ ቡድን ያደርጋል። እሱ በአማርኛ፣ በልቡ፣ አብሯቸው ጸለየ። ዕዳችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወጣ፤ ግራና ቀኝ የያዙት እጆች ጠበቅ አደረጉት።

ለእሱ ትልቁ ጣጣ የሆነበት ሌላ ነገር ነበር። እዚያ የሚናገር ሰው ስሙን ይናገርና «አልኮሊክ ነኝ» ይላል። እሱ ይህን ቃል በአማርኛ ሲያስበው «ሰካራም ነኝ» ሆነበት። ሰካራም ደግሞ በእኛ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥10፣ የእግዚአብሔርን መንግሥት የማይወርሱት ዝርዝር ውስጥ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 11 ደግሞ ከእናንተ አንዳንዶቹ እንዲህ ነበራችሁ፣ አሁን ግን ታጥባችኋል ይላል። «ነበራችሁ» ነው እንጂ «ናችሁ» አይደለም። ታዲያ በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት የሆነ ሰው እንዴት ብሎ በየሳምንቱ «ነኝ» ይላል? ሰባት ሳምንት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ «ዛሬ እሰማለሁ» ይላል፤ ይፈቀዳል።

ይህን ጥያቄ የፈታልን የነገረ መለኮት መጽሐፍ አይደለም። የእሱ እናት ስኳር አለባቸው። ለዓመታት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ስኳራቸው ልክ ነው፤ ግን «ዳንኩ» ብለው ማር አይልሱም፣ እንግዳ ሲሆኑም «ስኳር አለብኝ» ለማለት አያፍሩም። እሷ ይህን አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ተናገረችው። እሱ ዝም አለ። በስምንተኛው ሳምንት ስሙን ተናግሮ ቃሉን አለው። ያለው ስለ ነፍሱ አልነበረም፤ ነፍሱ የማን እንደሆነች ያውቃል። ያለው ስለ ጉሮሮው ነው። ከእኛ የተለየ አቋም ያላቸው አማኞች እንዳሉ እናውቃለን፣ አንከራከርም። እኛ ዘንድ ግን «ነበርኩ» እያለ ይጠጣ የነበረው ሰው «ነኝ» ማለት ሲጀምር ነው ያቆመው።

እሷም የራሷን አገኘች። የጠጪዎች ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት አል-አኖን የሚባል አለ፤ በ1951 ከመሥራቾቹ አንዷ የኤኤ መሥራች የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ነበረች። እሷ የሄደችው እሱን የምታስተካክልበት ዘዴ ለመማር፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነው። አንድም ዘዴ አልተነገራትም። የሰማችው የሌሎች ሴቶችን ታሪክ ነው፤ ጠርሙስ ጎረቤት የሚጥሉ፣ ለአለቃ የሚዋሹ፣ ሌሊት የባላቸውን እስትንፋስ የሚያሸቱ። ሁለት ወንዶችም ነበሩ፣ ሚስቶቻቸው የሚጠጡ። መጠጡን እሷ እንዳላመጣችውና እሷ እንደማታድነው መስማት መጀመሪያ አስቆጣት፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት ያላገኘችውን እንቅልፍ ሰጣት። ደብተሩ ባዶውን ነው።

አራት ወር ሞላው። ያን ሳምንት አገር ቤት አባቱ አረፉ።

መርዶውን ያረዱን የቤት ኅብረቱ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ወጉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩተው። መሄድ አልቻለም፤ ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ነበር፣ ከወጣ አይመለስም። ሦስት ቀን ቤታችን በለቅሶተኛ ተሞላ። ወገኖቻችን በዚህ ይታወቃሉ፤ እንጀራው፣ ምስር ወጡ፣ የታሸገ ውኃው በካርቶን በካርቶን ይመጣል፤ ወንበር የሚደረድር፣ ሳህን የሚያጥብ፣ ልጆች የሚይዝ ሰው አይጠፋም። በሁለተኛው ቀን አርባ የሚሆን ሰው ሳሎን ተቀምጦ እየዘመረ ሳለ እሱ መኝታ ቤት ውስጥ ሰክሮ ነበር። ጠርሙሱን ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልተነጋገርንበትም። እሷ ለጠየቃት ሁሉ «ትንሽ ጋደም ብሏል» ትላለች። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ «ገብቼ ልጸልይለት» ብለው ተነሡ። እሷ ቀድማቸው ደርሳ የበሩን እጀታ ያዘች። እሳቸው ፊቷን አላዩም፣ እጇን አዩ። እጀታውን እንዴት አጥብቃ እንደያዘች። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእኒያ ጡረተኛ ሹፌር ደወለ። እሳቸው ስፖንሰሩ ሆነው ነበር፤ ማለትም ቀድሞ መንገዱን የሄደ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊደወልለት የሚችል ሰው። ስለ አባቱ ሲነግራቸው አለቀሱ። ከዚያ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ አሁን እጅህ ላይ መጠጥ አለ? ሐኪምህ ስንት ሰዓት ይከፍታል? ማክሰኞ ትመጣለህ? ማክሰኞ ሄደ። ተነሥቶ «አራት ቀኔ ነው» አለ። አጨበጨቡለት! ለአዲስ ጀማሪ የምትሰጠዋን ሳንቲም የምታህል ፕላስቲክ እንደገና ሰጡት። በጣም አፈረ፤ ግን ጠፍቶ አልቀረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ወድቆ ቢሆን ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን አያየውም ነበር። ይህን ቤተ ክርስቲያንን ለመውቀስ አንጽፍም። ወድቄያለሁ ብሎ የመጣ ሰው ስለሌለ፣ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉት ወገኖቻችን ራሳቸው አያውቁም ነበር።

ለጋሼ የነገርናቸው እኛው ነን፤ ቤታቸው ሄደን፣ ቡና ሳይፈላ በፊት። እሱ ሁሉንም ተናገረ፣ እሷም እጀታውን ለምን እንደያዘች ተናገረች። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አገር ቤት የቀረ ታናሽ ወንድም እንደነበራቸው፣ በመጠጥ እንደሞተ፣ በቀብሩ ላይ «በጉበት በሽታ» ተብሎ እንደተነገረ፣ ይህንንም ለሚስታቸው እንጂ ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ነገሩን። «ጉበቱማ እውነት ነው» አሉ፣ «ሌላውን ነው የሸፈንነው።»

ሽማግሌ ናቸውና መጠየቅ ያለባቸውንም ጠየቁ። ወንጌል የማይሰበክበት፣ ሁሉም በየራሱ መረዳት ስለ እግዚአብሔር የሚናገርበት ቦታ አማኝ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ያነበብነውን ነገርናቸው። ኤኤ የተጀመረው በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በተገናኙ ጊዜ ነው። ሁለቱም የመጡት ፍራንክ ቡክማን የተባለ የሉተራን አገልጋይ ከመሠረተው የኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ነበር፤ ኃጢአትን በሌላ ሰው ፊት መናዘዝን፣ የበደሉትን መካስን የተማሩት ከዚያ ነው። የአክረኖቹ አብዝተው ያነቡ የነበረው የተራራውን ስብከት፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 13ንና የያዕቆብን መልእክት ነው፤ እንዲያውም ማኅበሩ በያዕቆብ ስም እንዲጠራ የፈለጉ ነበሩ። በ1939 መጽሐፋቸው ሲታተም ግን የማያምኑት አባላት ስለተከራከሩ፣ 12ቱ እርምጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር የሚለው ቃል እያንዳንዱ በተረዳው መጠን በሚል ተጻፈ። ስለዚህ ቦታው ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ነኝም አይልም። ክርስቶስን ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢኖር ወደ ጉባኤ ኑ እንለዋለን። ግን እርስ በርሳችን እንድንናዘዝና አንዳችን ለሌላው እንድንጸልይ ያዕቆብ 5፥16 ላይ የታዘዝነው እኛ ሆነን ሳለ፣ ሲታዘዙ ያየናቸው እነርሱን መሆኑ አሳፍሮናል። አልዓዛርንም አነሣን። ከመቃብር የጠራው ጌታ ብቻ ነው፤ መግነዙን እንዲፈቱት ግን በዙሪያው ለቆሙት ሰዎች ነው የተናገረው (ዮሐ. 11፥44)።

ጋሼ በሚቀጥለው ክፍት ስብሰባ አብረውት ሄዱ። ክራቫት አስረው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «አንድም ሰው አንድም ሰው አልመከረም» አሉ። ወንዙን ስንሻገር ደግሞ «ለካ ለቅሶ መድረስ ነው» አሉ። ገብቶ መቀመጥ፣ ማልቀሱን መስማት፣ እንጀራ ይዞ መምጣት፣ ነገ መመለስ። ይህንማ ማንም ሳያስተምረን እናውቅበታለን።

ስብሰባ ለምትፈልጉ ጥቂት እንጨምር። የመጀመሪያው ካልተስማማችሁ ሌላ ሞክሩ፤ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል፣ እሱ አምስት ካየ በኋላ ነው ማክሰኞውን የመረጠው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፤ ማቆም እንኳ አይደለም፣ መፈለግ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር ማንም አይስቅም፤ እዚያ ያሉት ሁሉ የሆነ ነገራቸው የተሰባበረ ነው። ራቅ ብላችሁ ያላችሁ፣ በተለይ መጠጥ ሕገ ወጥ በሆነባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁና ለማንም መናገር የምትፈሩ፣ በስልክና በዙም የሚካሄዱ ብዙ ስብሰባዎች አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና እንደሚሰጥ እወቁ፤ «አማኑኤል ገባ» መባልን ፈርታችሁ አትቅሩ። በአደባባይ ስምን አለመግለጽ ደግሞ የኤኤ የቆየ ሥርዓት ነው፤ እኛም ስማችንን ያልጻፍነው ለዚያ ነው፤ ደግሞም የእኛ ስም ቢታወቅ አብረውን የሚቀመጡት ሰዎች ስም ይገመታል።

አብረውን የሚቀመጡት ያልነው እንዲህ ነው። ጋሼ በ1991 በካሊፎርኒያ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረውን፣ በተራራው ስብከት ብፁዓን ናቸው በሚለው ክፍል ላይ የቆመውን ሴሌብሬት ሪከቨሪ የተባለ አገልግሎት አጥንተው ለሽማግሌዎች ጉባኤ አቀረቡ። ክርክር ነበር። «ስማችን ይጠፋል» ያለ ነበር። በመጨረሻ ሐሙስ ማታ አንድ ክፍል ተፈቀደልን፣ ሳይታወጅ፣ በአማርኛ። እኛ ከማክሰኞው የወሰድነው ሕግ ጥቂት ነው፤ አትመክርም፣ አታቋርጥም፣ የሰማኸውን እዚያው ትተወዋለህ። ሦስተኛው ለእኛ ማኅበረሰብ ከባዱ ነው። ወሬ እንወዳለን፤ በጸሎት ርዕስ ስም ሳይቀር እናወራለን።

ስድስት ሐሙስ ማንም አልመጣም። ጋሼ፣ እሱና እሷ፣ ሦስት ሆነን ተቀምጠን፣ ጸልየን፣ ያመጣነውን ዳቦ ራሳችን በልተን እንወጣለን። ጋሼ ስለ ወንድማቸው የተናገሩት ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ ነው፤ ሙሉውን፣ ከልጅነታቸው ጀምረው።

በሰባተኛው አንዲት እህት መጣች። በኳየር የምናውቃት ናት። «ስለ ወንድሜ ልጠይቅ ነው» አለችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። በሚቀጥለው ሐሙስም መጣች፣ ከዚያም በሚቀጥለው፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ። እኛም ስለ ወንድሟ አልጠየቅናትም። በአራተኛው ሐሙስ ከሁሉ ኋላ ቀረችና እሷን ለብቻዋ ጠርታ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ያለው የኋላ በር ይከፈት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ በፊት ለፊቱ ስትገባ ሰው ያያታል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እሱ ቀደም ብሎ ይሄድና በኋላው በር ሥር ድንጋይ ያደርጋል፣ እንዳይዘጋ።